የጎደለው ሳይታወቅ ማሟያ አይገዛም

በሕዝብ አስተዳደርና በንግድ ሥራ ላይ ለተሠማሩ አንባቢዎች ስለ ላም ቀለብ መጻፍ ለአንዳንዱ ከቦታው የወጣ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ይሁን እንጂ ወተት በየማለዳው በየቤቱ የሚገባ፣ ሕፃን የሚያድግበት፣ በሽተኛም የሚጠገንበት ምግብ ነው። የወተቱ ዋጋም ሆነ ጤንነቱ የሚወሰነው ላሚቱ በበላችው ነገር ነው፤ ላሚቱ የምትበላውን ደግሞ አምጥቶ የሚሸጠው ነጋዴ፣ የሚቆጣጠረውም ሹም ነው። እንግዲህ ጉዳዩ ከበረቱ ተነሥቶ እስከ መጋዘኑና እስከ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ የሚዘልቅ መሆኑ ግልጽ ነው።

የዕለት ተግባሬ ትርጉም እንደ መሆኑ መጠን ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ በሚመለሱ የእርሻ ጽሑፎች ውስጥ አዘውትሮ የሚያጋጥመኝ አንድ ቃል አለ። አንዳንዱ ተርጓሚ «ተጨማሪ መኖ» ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ «ማሟያ መኖ» ይለዋል። ለሚያነብ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ለሚገዛ ሰው ግን በመካከላቸው ሰፊ ልዩነት አለ። «ተጨማሪ» ማለት በነበረው ላይ የተደረበ ነው፤ የነበረው ሙሉ ይሁን ጎደሎ አይጠይቅም። «ማሟያ» ግን አስቀድሞ የጎደለ ነገር መኖሩን፣ የጎደለውም ታውቆ መለካቱን ይጠይቃል። በገበያ በጆንያ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ነው፤ ላሚቱ የምትሻው ግን ማሟያ ነው። ገንዘብ የሚባክነው፣ ወተት የሚቀንሰው፣ አንዳንድ ጊዜም የሕዝብ ጤና የሚጎዳው ሁለቱን ለይቶ ባለማወቅ ነው።

ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ የሚሆኑት በሣር ሳይሌጅ የሚቀለቡ የወተት ላሞች ናቸው። የሣር ሳይሌጅ ማለት እርጥብ ሣር ታጭዶ ጥቂት ከጠወለገ በኋላ ተከታትፎ በሲሎ ወይም በጉድጓድ ውስጥ በኃይል እየተረገጠ ታምቆ፣ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ተከድኖ የሚቀመጥ መኖ ነው። አየር በሌለበት ስፍራ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት የሣሩን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ሣሩን አኮምጥጦ ከመበስበስ ይጠብቀዋል። እርጎ ከጥሬ ወተት ይልቅ የሚቆይበት ምክንያትም ይኸው ነው። በደኅና የተሠራ ሳይሌጅ ክዳኑ እስካልተከፈተ ድረስ ከዓመት እስከ ዓመት ሳይበላሽ ይቆያል።

ይህን ሥራ በሳይንስ መሠረት ላይ ካቆሙት ሊቃውንት አንዱ ፊንላንዳዊው አርቱሪ ኢልማሪ ቪርታነን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በፊንላንድ የበረዶው ወራት ረጅም ስለ ሆነ ላሞች ለብዙ ጊዜ ከበረት አይወጡም። ቪርታነን አዲስ በታጨደ ሣር ላይ የቀጠነ አሲድ በማርከፍከፍ የሣሩ ፕሮቲን ሳይባክን እንዲቆይ የሚያደርግ ዘዴ አወጣ፤ ዘዴውም በስሙ መጀመሪያ ፊደላት ኤ. አይ. ቪ. ተብሎ ተጠራ። በ1945 በእርሻና በምግብ ኬሚስትሪ ስላደረገው ምርምር፣ በተለይም ስለዚህ የመኖ ማቆያ ዘዴ፣ የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የላም ቀለብ የዓለምን ታላቅ ሽልማት ያስገኘ ነገር መሆኑን ጉዳዩን አቃልለው ለሚያዩ ሁሉ ማስታወስ ይገባል።

ዛሬ በአየርላንድ፣ በብሪታንያ፣ በፊንላንድና በሌሎችም የሰሜን አውሮፓ አገሮች ላሞች ከመስክ በሚርቁበት ወራት ዋና ቀለባቸው የሣር ሳይሌጅ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ግን የተለመደው ድርቆሽ ነው። የደጋውን የአየር ጠባይ የሚያውቅ ሰው የዚህን ልማድ ጉዳት ሳያስተውል አይቀርም። ሣሩ ለምለምና ጠቃሚ የሚሆነው በዝናቡ ወራት ነው፤ በዝናብ ጊዜ ግን ድርቆሽ ማድረቅ አይቻልም። ስለዚህ ገበሬው ጥቅምትና ኅዳር እስኪደርስ ይጠብቃል፤ እስከዚያ ድረስ ሣሩ አሽቶ፣ ዘሩን ጥሎ፣ ግንዱ ጠንክሮ ይቆያል። የሚታጨደው እንግዲህ የሣሩ ገላ ነው እንጂ ፍሬ ነገሩ አይደለም። ሳይሌጅ ለምለሙን ሣር በለምለምነቱ ለመያዝ የሚያስችል ዘዴ ስለ ሆነ በደጋው ሊስፋፋ የሚገባው ነው። ዘዴው ሲመጣ ግን ማሟያን የመምረጥ ጥያቄ አብሮት ይመጣል፤ ጥያቄው ሳይመለስ ሲሎ ብቻ መቆፈር ግማሽ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ሳይሌጅ አንድ ዓይነት ነገር አለመሆኑ ነው። በአንድ መስክ የበቀለ አንድ ዓይነት ሣር፣ በአንድ ሰው እጅ ተሠርቶ፣ የታጨደበት ቀን በመለያየቱ ብቻ ሁለት የተለያየ መኖ ይሆናል። ሊቃውንት የመኖን ኃይል የሚሰፍሩበት መስፈሪያ ሜጋጁል ይባላል። ዛላው ሳይወጣ በለጋነቱ ታጭዶ በደኅና የተሠራ ሳይሌጅ ውሃው ተነሥቶለት በሚቀረው በእያንዳንዱ ኪሎ ደረቅ ክፍል ውስጥ 11 ሜጋጁል ያህል ኃይል፣ ከመቶም 15 ያህል ፕሮቲን ሊኖረው ይችላል። አርጅቶ የታጨደው ግን ወደ 9 ሜጋጁል፣ ፕሮቲኑም ከመቶ ወደ 9 ወይም ወደ 10 ይወርዳል። ከዚህም ሌላ ላሚቱ የጠነከረውን ሣር የምትበላው በጥቂቱ ነው፤ ምክንያቱም በጨጓራዋ ውስጥ ቶሎ ስለማይፈጭ ቦታ ይዞ ይቆያል።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው፤ ነጋዴ ከሒሳብ ሌላ ምስክር አይሻምና። 600 ኪሎ የምትመዝን አንዲት የፍሪዥያን ላም ወተት ባትሰጥ እንኳ ሕይወቷን ለማቆየት በቀን 63 ሜጋጁል ያህል ያስፈልጋታል። ከዚያ በላይ ለምትሰጠው ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት 5 ሜጋጁል ያህል ትሻለች። በቀን 20 ሊትር እንድትሰጥ ቢፈለግ እንግዲህ በጠቅላላው 163 ሜጋጁል ማግኘት አለባት። ለጋውን ሳይሌጅ በቀን 11 ኪሎ ደረቅ ክፍል ብትበላ 121 ሜጋጁል ታገኛለች፤ የሚጎድላት 42 ነው። ያረጀውን ሳይሌጅ 9 ኪሎ ብትበላ የምታገኘው 81 ብቻ ነው፤ የሚጎድላት 82 ይሆናል። ላሚቱ ያችው ናት፤ የሚፈለገውም ወተት ያው 20 ሊትር ነው፤ ሣሩ በመዘግየቱ ብቻ ከገበያ የሚገዛው ኃይል እጥፍ ይሆናል። በመኖ መደብር በር ላይ የሚቀርበው ክርክር ሁሉ ከመጀመሩ በፊት የሒሳቡ ግማሽ በማጨጃው ቀን ተዘግቷል ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር መታሰብ አለበት። ላሚቱ ከጆንያ የሚሰጣትን በበላች ቁጥር ከሳይሌጁ ጥቂት ትተዋለች። ለአንድ ኪሎ እህል ወይም ፋጉሎ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሦስተኛ እስከ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ሳይሌጅ (ሁሉም በደረቅ ክፍሉ ተቆጥሮ) ሳይበላ ይቀራል። ስለዚህ «አንድ ኪሎ ጨመርሁ፤ የአንድ ኪሎ ትርፍ አገኛለሁ» የሚል ሰው ሒሳቡን ከአንድ ወገን ብቻ ይዞታል። ሳይሌጁ ጥሩ በሆነ መጠን ጆንያው የሚያወጣው ርካሹን መኖ ነው፤ በራስ መስክ የበቀለውን አስቀርቶ በብር የተገዛውን ማብላት ደግሞ ብልኅነት አይደለም።

ሁለተኛው ሊታወቅ የሚገባው የሳይሌጅ ፕሮቲን ጠባይ ነው። በወረቀት ላይ «ፕሮቲን ከመቶ 15» የሚል ቁጥር ሲታይ ጉድለት ያለ አይመስልም። ነገር ግን ሣሩ በሲሎ ውስጥ ሲኮመጥጥ ከፕሮቲኑ ከግማሽ የሚበልጠው ፈርሶ ወደ ቀላል የናይትሮጅን ውሕዶች ይለወጣል። ይህም በላሚቱ ጨጓራ ውስጥ እንደ ገባ በፍጥነት አሞኒያ ይሆናል። በጨጓራው የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት አሞኒያውን ተጠቅመው የገዛ ራሳቸውን ፕሮቲን ይሠራሉ፤ ላሚቱም በኋላ እነርሱን ፈጭታ ትመገባለች። ለዚህ ሥራ ግን ነፍሳቱ ኃይል ይሻሉ፤ የሣሩ ስኳር ደግሞ በሲሎው ውስጥ ወደ አሲድ ተለውጦ አልቋል። ኃይል ካጡ አሞኒያው በደም በኩል ወደ ጉበት ሄዶ ዩሪያ ሆኖ በሽንት ይወጣል። ይህ በብር የተገዛ ቢሆን ኖሮ ብሩ በቦይ ፈሰሰ ይባል ነበር።

ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ በሚገባ ያሳየው ያው ቪርታነን ነው። በ1960ዎቹ ባደረገው ምርመራ ፕሮቲን የሚባል ነገር በሌለው ቀለብ፣ ናይትሮጅኑ ከዩሪያና ከአሞኒያ ጨው ብቻ እንዲገኝ አድርጎ ላሞችን ቢቀልብ ወተት መስጠታቸውን አረጋገጠ። ብዙ ሰው ከዚህ ምርመራ የሚያስታውሰው ዩሪያውን ብቻ ነው። ነገር ግን ከዩሪያው ጋር ስታርችና ስኳር ይሰጣቸው ነበር፤ ጥቃቅኑ ነፍሳት የሚሠሩበት ኃይል ባይኖር ኖሮ ዩሪያው መርዝ እንጂ ምግብ ባልሆነ ነበር። ስለዚህ ዩሪያ በፕሮቲን ለደኸየ ለጤፍና ለስንዴ ጭድ ማሟያ ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞውኑ የተትረፈረፈ ፈራሽ ናይትሮጅን ላለው ለለጋ ሣር ሳይሌጅ ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። አንዱ ነገር በአንዱ በረት ማሟያ፣ በሌላው በረት ጠንቅ ይሆናል።

እንግዲህ ምርጫው በሥርዓት መሆን አለበት። ሳይሌጁ ለጋና በፕሮቲን የበለጸገ ከሆነ በመጀመሪያ የሚፈለገው ኃይል ሰጪ መኖ ነው፤ ገብስ፣ በቆሎ፣ ወይም በአውሮፓ እንደሚደረገው ስኳሩ ከተወሰደለት ከስኳር ቀይ ሥር የሚተርፈው አሰር። ሞላሰስም የጠፋውን ስኳር ለመተካት ይረዳል፤ ሆኖም ከመጠን ሲያልፍ እበቱን ያቀጥናል። ገብስና በቆሎ ስታርቻቸው ቶሎ ስለሚፈርስ በአንድ ጊዜ በብዛት ከተሰጡ ጨጓራውን ያኮመጥጣሉ፤ የወተቱ ቅባት ይወርዳል፤ ላሚቱም ከመብላት ትቆጠባለች። ስለዚህ በቀን ውስጥ ከፋፍሎ መስጠት ያስፈልጋል። አሰሩ ግን ኃይሉ ከሚፈጭ ቃጫ የሚገኝ ስለ ሆነ ይህን ጉዳት በብዙ ይቀንሳል።

ላሚቱ ብዙ ወተት የምትሰጥ ከሆነች ወይም ሳይሌጁ አርጅቶ የታጨደ ከሆነ ፋጉሎ ግድ ይሆናል። ይሁንና ፋጉሎ ሁሉ እኩል አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ፕሮቲኑ በጨጓራ ውስጥ በሙሉ ሳይፈርስ እስከ አንጀት የሚደርስለት ነው። በፊንላንድ የተደረጉ ብዙ ምርመራዎች እንዳሳዩት በሣር ሳይሌጅ ለሚቀለቡ ላሞች የጎመን ዘር ፋጉሎ ከአኩሪ አተር ፋጉሎ የማያንስ፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ውጤት ሰጥቷል፤ አኩሪ አተሩ ግን በመቶኛው ቁጥር ይበልጠዋል። በጆንያው ላይ የተጻፈው የፕሮቲን መጠን ብቻውን ዳኛ ሊሆን እንደማይችል ከዚህ ይታያል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኙት የኑግ፣ የተልባና የጥጥ ፍሬ ፋጉሎዎች ናቸው፤ ከእነዚህም የጥጥ ፍሬው ለትልልቅ ከብቶች በልክ ሲሰጥ ደኅና ቢሆንም ጎሲፖል የሚባል መርዛም ነገር ስላለበት ለትንንሽ ጥጆች አይሰጥም።

የዱቄት ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሆነው ፉርሽካ በኃይልም በፕሮቲንም መካከለኛ ነው። ፎስፎረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ግን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ በፉርሽካ ላይ ብቻ የተመሠረተ ቀለብ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ካልተጨመረበት አጥንትን ይጎዳል። ሣርና ሳይሌጅ በሶዲየም ድሆች ስለ ሆኑ ጨው ሁልጊዜ ያስፈልጋል፤ አሞሌም ለዚህ ይበቃል። ነገር ግን አሞሌ ጨው ነው እንጂ ማግኒዚየም ወይም መዳብ ወይም ሴሌኒየም አይደለም፤ እነዚህ የሚጎድሉበት አፈር ላይ የበቀለ ሣር የተመዘነ የማዕድን ድብልቅ ይሻል።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ይመራል፤ ይኸውም ማሟያው ከመገዛቱ በፊት ሳይሌጁ ይመርመር የሚል ነው። የምርመራ ቤት በሌለበት ስፍራ ደግሞ ላሚቱ ራሷ ትናገራለች። የወተቱ ፕሮቲን ከቀነሰ ብዙውን ጊዜ የጎደላት ኃይል ነው። ቅባቱ ከወረደ ስታርቹ በዝቷል ወይም ቃጫው አንሷል። በወተቱ ውስጥ ያለው ዩሪያ ከፍ ካለ ፈራሽ ፕሮቲን እየባከነ ነው። እበቱ፣ ማመስኳቷ፣ የጀርባዋ ሥጋ፣ ሁሉም ለሚያስተውል ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ። በገበያ የሚጠየቀው «ኩንታሉ ስንት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው የቆየና የተለመደ ቢሆንም ለመኖ ግን የተሳሳተ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ የገበያ ዋጋ ነው ሳንል፣ ከመቶ 35 ፕሮቲን ያለው የአንድ ኩንታል ፋጉሎ ዋጋ 3,500 ብር፣ ከመቶ 16 ፕሮቲን ያለው የአንድ ኩንታል ፉርሽካ ዋጋ 2,000 ብር ነው እንበል። ፉርሽካው የረከሰ ይመስላል። ነገር ግን የሚፈለገው ፕሮቲን ከሆነ በፋጉሎው አንዱ ኪሎ ፕሮቲን በ100 ብር፣ በፉርሽካው ግን በ125 ብር ተገዝቷል። የቢራ ፋብሪካ እርጥብ ተረፈ ምርትም እንዲሁ ነው፤ ከአንዱ ኩንታል 75 ወይም 80 ኪሎው ውሃ ስለ ሆነ በመኪና የሚጓጓዘው በአብዛኛው ውሃ ነው። ለቅርብ በረት ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል፤ ለሩቁ በረት ግን የመጓጓዣው ኪሣራ ትርፉን ይበላዋል።

አስተዋይ ነጋዴ እዚህ ላይ እንዲህ ሊለን ይችላል፤ «እኔ የምሸጠው የተጠየቅሁትን ነው፤ ደንበኛዬ ርካሽ ሲለኝ ርካሽ አቀርብለታለሁ፤ የጆንያውን ውስጥ መመርመር የእርሱ ፋንታ ነው።» መልሱ ቀላል ነው። ጨርቅ የሚገዛ ሰው ጨርቁን በእጁ ዳብሶ፣ ቡና የሚገዛ ሰው ቡናውን አሽትቶና ቀምሶ ያውቀዋል። የተፈጨ መኖ ግን በዓይንም በእጅም አይታወቅም፤ ገዢው የሚያምነው የሻጩን ቃል ብቻ ነው። የሻጭ ቃል ሲዋሽ ደግሞ የሚጎዳው አንድ ገዢ ብቻ እንዳልሆነ የብሪታንያ ታሪክ ያስተምረናል።

በብሪታንያ ለወተት ላሞች በሚሸጠው ድብልቅ መኖ ውስጥ ከቄራ ተረፍ የተሠራ የሥጋና የአጥንት ዱቄት ይጨመር ነበር፤ ፕሮቲኑ ብዙ፣ ዋጋውም ርካሽ ነበርና። በኅዳር 1986 የከብቶችን አንጎል የሚያበሰብስ አዲስ በሽታ ታወቀ፤ ሕዝቡም የእብድ ላም በሽታ አለው። በሽታው የተሰራጨው በዚያው ዱቄት አማካይነት መሆኑ ስለ ታመነ በሐምሌ 1988 ለሚያመሰኩ እንስሳት የሚያመሰኩ እንስሳትን ተረፍ ማብላት ተከለከለ። በመጋቢት 1996 ደግሞ በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ መንግሥቱ ለሕዝቡ አስታወቀ። በብሪታንያ ከ180,000 የሚበልጡ ከብቶች በበሽታው መያዛቸው ተረጋገጠ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሌሎች ከብቶች ለጥንቃቄ ታርደው ተወገዱ፤ ከ170 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ይህ ሁሉ የመጣው «ፕሮቲኑ ስንት ነው? ዋጋውስ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ከምን ተሠራ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለመኖሩ ነው።

ለባሕር ጠረፍ ነጋዴ ከዚህም የሚቀርብ ትምህርት አለ። በ1950ዎቹ በቀይ ባሕር ላይ ከምጽዋ አካባቢ የሚጠመዱት ትንንሽ ዓሦች፣ ሰርዲንና አንቾቪ፣ ደርቀውና ተፈጭተው ዱቄታቸው ወደ ውጭ አገር ይላክ ነበር። የዓሣ ዱቄት ፕሮቲኑ በጨጓራ ውስጥ በቀላሉ የማይፈርስ ስለ ሆነ በሣር ሳይሌጅ ለሚቀለቡ ላሞች እጅግ ከሚስማሙት ማሟያዎች አንዱ መሆኑ በኋላ በብሪታንያ በተደረገ ምርመራ ታወቀ። ነገር ግን ከእብድ ላም በሽታ የተነሣ የአውሮፓ ኅብረት ከ2001 መጀመሪያ ጀምሮ የዓሣ ዱቄትን ለሚያመሰኩ እንስሳት ከለከለ። ዓሣው በሽታውን አምጥቷል ተብሎ አልነበረም፤ በመኖ ውስጥ የዓሣውን ዱቄት ከሥጋና ከአጥንት ዱቄት ለይቶ መቆጣጠር አስቸጋሪ ስለ ነበር ነው። እንግዲህ ንጹሕ ዕቃ የያዘው ነጋዴ በሌላው ሰው ድብልቅ ምክንያት ገበያውን አጣ። የጆንያው ውስጥ በግልጽ ካልተለየ እውነተኛውና ሐሰተኛው አብረው ይወድቃሉ።

ጉዳዩ የአውሮፓ ብቻ እንዳይመስል ወደ አዲስ አበባ እንመልከት። በ2016 በታተመ ጥናት ከከተማይቱና ከአካባቢዋ ከተሰበሰቡት 110 የወተት ናሙናዎች መካከል ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የአውሮፓ ኅብረት ከወሰነው መጠን በላይ አፍላቶክሲን ተገኘባቸው። አፍላቶክሲን እርጥበት በነካው እህልና ፋጉሎ ላይ ከሚበቅል ሻጋታ የሚወጣ፣ ጉበትን የሚጎዳና ነቀርሳ የሚያመጣ መርዝ ነው። ላሚቱ የበላችው መርዝ በአካሏ ውስጥ መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል፤ ወተት ማፍላትም አያጠፋውም። በዚያ ጥናት በመርዙ እጅግ ተበክሎ የተገኘው መኖ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ኑጉ ራሱ በደለኛ አይደለም፤ በአግባቡ ያልደረቀና ያልተጠበቀ ፋጉሎ ነው መርዙን የተሸከመው። በእርጥብ ወለል ላይ የተደረደረ ጆንያ በዝናብ ወራት ሲሻግት ጉዳቱ ከመጋዘኑ ወጥቶ በሕፃን ጽዋ ውስጥ ይገኛል።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ለነጋድያን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በጆንያው ላይ መኖው ከምን እንደ ተሠራ፣ ደረቅ ክፍሉ፣ ፕሮቲኑ፣ ቃጫውና ቢቻል ኃይሉ በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ፋጉሎ ከወለልና ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ መጋዘን ይቀመጥ፤ የሻገተውም ከደኅናው ጋር ተደባልቆ አይሸጥ። ሦስተኛ፣ ደንበኛውን ስለ ሳይሌጁ ወይም ስለ ድርቆሹ ሳይጠይቁ መኖ አይሽጡ፤ ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት እንደማይሰጥ ሁሉ። በዚህ የሚገኘው ትርፍ የአንድ ቀን ሳይሆን የብዙ ዓመት ደንበኛ ነው።

ለሹማምንትም የምለው አለኝ። በኢትዮጵያ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728 በ2004 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ወጥቷል። አዋጅ መውጣቱ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ አዋጅ በወረቀት ላይ ሳለ ጆንያን አይከፍትም። የሚያስፈልገው በየወተት አምራቹ አካባቢ ከአንድ ቀን መንገድ በማይርቅ ስፍራ መኖና ሳይሌጅ የሚመረመርበት ቤት፣ ዋጋውም ሁለት ላም ያለው ሰው የሚችለው መሆን አለበት። ሳይሌጅ መሥራት የሚማር ገበሬም የማጨጃውን ቀን አብሮ ይማር፤ ከላይ እንደ ተመለከትነው ከሁሉ የሚረክሰው ማሟያ በጊዜው የታጨደ ሣር ነውና። ቁጥጥሩ ደግሞ በቅጣት ብቻ እንዳይሆን ያስፈልጋል፤ ንጹሕ ዕቃ የሚሸጠው በይፋ ቢታወቅለት፣ ሌላው በራሱ ጊዜ ይከተለዋል።

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር የሚሆን ጥንቃቄ ነው ይል ይሆናል። ለእኔ የሚመስለኝ ግን ተቃራኒው ነው። ሀብታም በስህተት የገዛውን ኩንታል ጥሎ ሌላ ይገዛል፤ አንዲት የውጭ ዝርያ ላም በብድር የገዛ ሰው ግን የተሳሳተው ማሟያ ብድሩን እንዳይከፍል ያደርገዋል፤ ላሚቱም ከሲታ ሆና ትሸጣለች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ሌለች ላም ነበር፤ ላሚቱ በበረት ቆማ፣ ግርግሟም ሞልቶ፣ ወተቷ ሳይታይ ሲቀር ግን ጥፋቱ የሰማይ ሳይሆን ቀለቡን የሠራው፣ የሸጠውና የተቆጣጠረው ሰው ነው።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ከእናንተ መካከል መጋዘን ያለው መጋዘኑን፣ ማኅተም ያለው ማኅተሙን በዚህ ዓይን እንዲመለከት በትሕትና አሳስባለሁ። ከሚመጣው የዝናብ ወራት በፊት ጆንያዎቹ ከእርጥብ ወለል ቢነሡ፣ በላያቸውም የውስጣቸው እውነት ቢጻፍ፣ ለወተት ጠጪው ሕዝብ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይጠቅመዋል።